እትዬ ፓንና ያደረው ቀለም

እትዬ ፓን ሩዪንን በደንብ አውቃቸዋለሁ ብዬ ብጽፍ ውሸት ይሆንብኛል። አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ደረጃ ወጥተን ወርደናል፤ እሳቸው ሦስተኛ ፎቅ፣ እኔ አራተኛ። ከባለቤታቸው ጋር ሲጨቃጨቁ በወለሉ በኩል እሰማለሁ። የሚጠብሱት ዓሣ ምን ዓይነት እንደሆነ ከሽታው መናገር እችላለሁ። ከዚህ ያለፈውን ያወቅሁት ግን ባለፈው ሰኔ፣ በአሥር ቀን ውስጥ ነው። በእነዚያ አሥር ቀናት ደግሞ እትዬ ፓን ከፍርሃታቸው ብዛት ራሳቸውን አልነበሩም። ሰውን ሲፈራ ብቻ አይቶ አወቅሁት ማለት ይቻል እንደሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። ሌላ ሰው ቢጽፈው ይሻል ነበር፤ እዚያ የነበርኩት ግን እኔ ነኝ።

ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። እዚሁ ሃንግዡ በፔርሙዝ ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተዋል። ሥራቸው የፔርሙዙን የውስጥ ብርጭቆ ወደ መብራት አንሥተው ማየት ነበር፤ አረፋ ያለበትን፣ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ያለበትን መርጠው ያወጣሉ። በአርባ ሰባት ዓመታቸው ጡረታ ሲወጡ ያ ዓይን ሥራ ፈታ። ከዚያ ወደ ሥዕል ዞረ።

ሥዕል ስል በየምግብ ቤቱ ግድግዳ የሚሰቀለውን፣ ተራራና ጥድ፣ ከሥሩም ዓሣ የሚያጠምድ ሽማግሌ ያለበትን ማለቴ አይደለም። የእትዬ ፓን ሠዓሊዎች የአያቶቻቸውን ብሩሽና ጥቁር ቀለም ይዘው የዛሬን ነገር የሚስሉ ናቸው። አንዷ ጥድ የሚሳልበትን የብሩሽ አጣጣል ወስዳ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ስላበታለች። ሌላው የቀርከሃ ቅጠል በሚጣልበት የእጅ ምት የተጣሉ ብስክሌቶች ክምር ሠርቷል። በጠቅላላው አሥራ አራት ሥዕሎች ናቸው። ሁሉም ተጠቅልለው፣ ሽታው ብል በሚያርቅ የካምፎር እንጨት ሣጥን ውስጥ፣ አልጋው ሥር ይኖራሉ።

ባለቤታቸው ጋሽ ጎንግ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ደረጃ ላይ ባገኙኝ ቁጥር አንድ ነገር ሳይሉ አያልፉም።

“ሌላው ሰው አልጋው ሥር ጫማ ያስቀምጣል። እኔ የምተኛው አሥራ አራት ባልዲ ጥቁር ውኃ ላይ ነው። አንድ ቀን ይጎርፍና ይወስደኛል።”

“ቢወስድህ መች ቅር ይለኝ ነበር!” ይላሉ እትዬ ፓን ከውስጥ።

ከአሥራ አራቱ አንዱ ከሌሎቹ ይለያል። ሠዓሊው ሩዋን ቦዪ ይባላል። ከሃያ ዓመት በፊት፣ አሁን በሌለው በአሮጌው ሰፈር፣ ከእነ እትዬ ፓን በላይ አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ሩዋን ቀለሙን ከፈጨ በኋላ በሰሃን አድርጎ ለቀናት ያሳድረዋል። ያደረ ቀለም ሙጫው ስለሚሞት ክፉኛ ይሸታል። ወረቀት ላይ ሲያርፍ ግን አሸዋ አሸዋ የሚል፣ ዓይን የሚያሰምጥ ጥቁረት አለው። በበጋ ሽታው ደረጃውን ሁሉ ሞላው፤ እትዬ ፓንም ሊጮኹበት ወጡ።

“አይጥ ሞቶብህ ነው ወይስ አንተው ራስህ ሞተህ ነው?” አሉት በሩን እየደበደቡ።

“ሁለታችንም በሕይወት አለን፣ እትዬ። ገብተው ይዩን” አለና በሩን ከፈተ።

ሊጮኹ የወጡት ሴት ሁለት ሰዓት ቆመው ሲያዩ ቆዩ። ምን እንዳዩ ጠይቄያቸው “ግድግዳውን” ብቻ ነው ያሉኝ።

በኋላ ሰፈሩ ሲፈርስ ሩዋን ፍርስራሹን እንደ ተራራ አድርጎ ሳለው። በር የሚያህል ወረቀት ነው። የገደል ድንጋይ የሚሠራበት፣ መጥረቢያ ሲፈልጥ የሚመስል የብሩሽ ምት አለ፤ በዚያ ምት እያንዳንዱን ጡብ፣ እያንዳንዱን የተሰበረ መስኮት ከታች እስከ ላይ ከመረው። ስሙን “ቤት ቁጥር ሠላሳ ሰባት” አለው። የነበሩበት ቤት ነው። እትዬ ፓን ከጡረታቸው ላይ አጠራቅመው ገዙት። ሩዋንም ሲሰጣቸው፣ “ይሄ ውኃ አይወድም። እንዳለ ጠቅልለው ያስቀምጡት፤ ጀርባውን በወረቀት ማስደረብ ሲያስፈልግ እኔ ራሴ አስደርበዋለሁ። እኔ ዘንድ ከሚኖር እርስዎ ዘንድ ቢኖር ይሻላል፣ ዓይንዎ እንከን አያልፍም” አላቸው። በኋላ ሩዋን ስም አተረፈ፣ ሻንጋይ ገባ። የሰፈሩ ሥዕሎች ሌሎቹ በሙሉ ወደ ውጭ አገር ተሸጡ። ከዚያ ሰፈር እዚህ የቀረው ይሄ ብቻ ነው።

ባለፈው ሰኔ ሩዋን ደወለ። በመከር ወቅት ትልቅ ዐውደ ርዕይ ስላለው መጥቶ ሥዕሉን ያያል፣ አስደርቦም ያሳየዋል። እትዬ ፓን ስልኩን ዘግተው ጋሽ ጎንግን ሳሟቸው አሉ። ጋሽ ጎንግ ይህን ሲነግሩኝ ጉንጫቸውን ይዘው ነበር።

የደወለው ግን ዝናቡ በገባበት ሰሞን ነው። በእኛ አገር ፕሪም ሲበስል የሚጀምረው ዝናብ ዶፍ አይደለም፤ ለሳምንታት ያካፋል እንጂ አያባራም። ግድግዳው ያልበዋል። ጨው በዕቃው ውስጥ ይቀልጣል፣ ክብሪት አይጫርም። ሥዕል ያለው ሰው ሁሉ በዚህ ወር ሣጥኑን አይነካም። ሥዕል የሚናፈሰው መስከረም ላይ፣ ሰማዩ ሲጠራ ነው። ይህን እትዬ ፓን ከማንም በላይ ያውቃሉ። ደስታቸው ግን አላስቀምጥ አላቸው። ለአንድ አፍታ ብቻ ልየው ብለው ከፈቱት። በማግሥቱም እንዲሁ።

በስምንተኛው ቀን፣ ከቁርስ በኋላ፣ በሬን አንኳኩ። ፊታቸው የወረቀት መልክ ነበረው።

“ቹ፣ ዓይንሽ ደህና ነው?”

“ደህና ነው። ምነው?”

“ነይ እስኪ ይሄን እይልኝ። ውሸት ነው በይኝ።”

ሥዕሉ አልጋው ላይ ተዘርግቶ ነበር። ከመካከሉ ዝቅ ብሎ አተር የሚያካክሉ ዘጠኝ ነጠብጣቦች ወጥተውበታል። አመድማ ጠጉር አላቸው፤ ከሥራቸው ቡናማ ነው። ሻጋታ። 

“ሰባት ጊዜ ከፈትኩት” አሉ። “ሰባት ጊዜ! ሌላ ሰው ቢያደርገው በጥፊ ነበር የምለው።”

“ለጋሽ ጎንግ ነግረዋቸዋል?”

“ጎንግ ካየው ሰፈሩ ሁሉ ያየዋል። ቹ፣ ሰውዬው ከአሥር ቀን በኋላ ይመጣል። እንከን አያልፍዎትም ብሎ ነው የሰጠኝ።” እጃቸውን አየሁት፤ የቀሚሳቸውን ጫፍ እንደ እርጥብ ጨርቅ ይጨምቁ ነበር።

በማግሥቱ ሥዕሉን በሦስት ላስቲክ ጠቅልለን ቦዩ ዳር ወዳለው የመምህር ሚያኦ ሱቅ ሄድን። ሚያኦ የሥዕል ጀርባ በወረቀት የሚደርብ፣ የተጎዳውንም የሚያክም ባለሙያ ነው። አውቶቡስ ውስጥ አንድ ወጣት ተነሥቶ ወንበር ቢለቅላቸው እትዬ ፓን ለሥዕሉ ፈርተው፣ “እርጥብ ነው፣ እርጥብ ነው!” ብለው ስለጮኹበት ልጁ የኋላ ሱሪውን ዳበሰ።

መምህር ሚያኦ ሾርባውን ፉት እያለ ተቀበለን። ጥቅሉ ሲፈታ ማንኪያውን አስቀመጠ።

“በዚህ ዝናብ ሣጥን ከፈቱ?”

“ከፈትኩ።”

“እትዬ! ሰው በዚህ ወር ልቡን እንኳ አይከፍትም።” ሳቀ፤ እኛ ስላልሳቅን ተወው። አጎንብሶ ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ አየ። “ጠጉሩ በብሩሽ ይለቃል። ቡናማው ግን ለብ ያለ ውኃ ካልነካው አይለቅም። እንዲሁ ከተተወ ወረቀቱን ይበላዋል፤ መከር ሳይደርስ ይበሳል።” ከዚያ ቀና አለ። “ቀለሙ ትኩስ ነው ያደረ?”

እትዬ ፓን የተፈታውን ላስቲክ ማጣጠፍ ጀመሩ። በሱቁ ጣሪያ ላይ ዝናቡ ይሰማል።

“አላውቅም።”

“ያደረ ከሆነ ይንገሩኝ። ያደረ ቀለም እኔ አላርስም። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ የአንድ ሰው አርሼ ቀለሙ ፈሶ ሄደብኝ። ሰውዬው እዚህ ወለል ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ ምያለሁ።”

“አላውቅም አልኩህ እኮ፣ መምህር። ከሠዓሊው እጅ አልገዛሁትም።”

እኔ አጠገባቸው ቆሜያለሁ። የአይጧን ወሬ፣ የሰሃኑን፣ የሽታውን፣ ሁሉንም ከአፋቸው ሰምቻለሁ። ከተናገርኩ ሚያኦ ጠቅልሎ ይመልስልናል፣ ሻጋታውም ይበላዋል። ካልተናገርኩ ደግሞ... አልተናገርኩም። አሁንም ድረስ የኔ ዝምታ ከሳቸው ቃል ይሻላል ብዬ አላስብም።

ሚያኦ ጥጥ በውኃ ነክሮ በግራ በኩል ከታች፣ ፊርማው ካለበት፣ በጣም ከጠቆረው ድንጋይ ላይ ተጫነው። ጥጡ ቀለም ሳይነካው ነጭ ሆኖ ተነሣ።

“ጥሩ፤ ነገ ጠዋት ኑ” አለ።

ፊርማውንና ከጎኑ ያለውን ድንጋይ ሩዋን በመጨረሻው ቀን በትኩስ ቀለም እንደሠራቸው ያኔ አላወቅንም። ደስ ብሎን ሄድን ማለት አልችልም። እትዬ ፓን መንገዱን ሙሉ፣ “ነጭ ነበር አይደል? አይተሻል፣ ነጭ ነበር” ይሉኝ ነበር።

በማግሥቱ ሚያኦ ሥዕሉን በፊቱ ደፍቶ ቀይ በተቀባው የሥራ ገበታው ላይ ዘረጋው። ሻጋታውን ጠርጓል። በእጁ የያዘው መርጫ ጭስ የሚመስል ውኃ ያወጣል። ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ረጨ። ወረቀቱ እየራሰ ሲሄድ ተራራው ከጀርባ በኩል እየታየ መጣ፤ ጡቦቹ፣ መስኮቶቹ፣ ሁሉም በቦታቸው።

ከታችኛው ሲሦ ላይ አንድ ግራጫ ነገር መንቀሳቀስ የጀመረው ያኔ ነው። መጀመሪያ ጥላ መሰለኝ። ጥላው ግን ይሰፋል። ጡቦቹ ጠርዛቸው ለሰለሰ፣ እርስ በርሳቸው ተነካኩ፣ ከዚያ መሄድ ጀመሩ። ቀለሙ በጣም ያደረው እዚያ ላይ ኖሯል።

“ወረቀት!” አለ ሚያኦ። “ደረቅ ወረቀት! ከበስተኋላሽ! ቶሎ!”

እያነሣሁ አቀበልኩት። አንዱን ይጭናል፣ ጠጥቶ ሲጠቁር ይጥላል፣ ሌላ ይቀበለኛል። እትዬ ፓን ከግድግዳው ተለጥፈው እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገዋል።

“አላውቅም አልሽኝ!” ይጮኻል ሚያኦ ቀና ሳይል። “ሸቶኝ ነበር እኮ! ትናንት ሸቶኝ የሱቄ እርጥበት ነው ብዬ ተውኩት! አላውቅም አልሽኝ አንቺ ሴትዮ!”

ስንት ወረቀት እንዳቀበልኩ አላውቅም። በመጨረሻ የምሰጠው ነጭ እንደሆነ መነሣት ጀመረ። ሚያኦ የስንዴ ሙጫውን በስሱ ቀባ፣ መደረቢያውን ወረቀት አለበሰ፣ ሥዕሉን አንሥቶ ለማድረቂያ በሚሆነው የግድግዳ ሰሌዳ ላይ ጫፍ ጫፉን ለጠፈው። ከዚያ እጁን ታጥቦ ወንበር ሳበ።

“ይቀመጡ፣ እትዬ” አለ በትንሽ ድምፅ። “ይቀመጡ።”

አልተቀመጡም። ሥዕሉን ያያሉ። ቡናማዎቹ ነጠብጣቦች ጠፍተዋል። ከተራራው እግር በላይ ግን፣ ስንዝር ተኩል በሚሆን ወርድ፣ ከግራ ወደ ቀኝ የፈዘዘ ጉም ተጋድሟል። ጉሙ ባለበት ጡብ የለም። በእውነት ለመናገር ያምራል። ያማረ መሆኑ የበለጠ አስፈራኝ።

“የማያውቅ ሰው ቢያየው ታስቦበት የተሳለ ይመስለዋል” አለ ሚያኦ።

“የሚያውቅስ?” አሉ እትዬ ፓን።

ሚያኦ እጁን እንደገና ታጠበ።

ሥዕሉ ሰሌዳው ላይ አምስት ቀን ቆየ። እትዬ ፓን በየቀኑ በዝናቡ እየሄዱ በሱቁ መስኮት ያዩታል፤ አይገቡም። በአራተኛው ቀን ጋሽ ጎንግ እኔ ዘንድ ወጡ። ከዚያ በፊት ፎቄ መጥተው አያውቁም።

“ቹ፣ ሚስቴን ምን ነካት?”

“ምን ሆኑ?”

“ትናንት ሙሉ ቀን አልሰደበችኝም። ሳህን ሰበርኩኝ፣ ‘ግድ የለም’ አለችኝ። አርባ አራት ዓመት አብሬያት ስኖር እንዲህ ሆና አላየሁም። ሐኪም ዘንድ ሄዳችሁ ደብቃችሁኝ ነው?”

እንዳልሆነ ማልኩላቸው። አላመኑኝም መሰለኝ፤ ደረጃውን ሲወርዱ መደገፊያውን ይዘው ነበር።

ሥዕሉ ተጠቅልሎ ቤት በገባበት ቀን እትዬ ፓን ጠሩኝና ቁም ሣጥኑ ላይ ሰቀልነው። እሳቸው ፊት ለፊቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

“ከሃያ ዓመት በኋላ እያንዳንዱን ጡብ ያስታውሳል እንዴ?” አሉ። “አንቺ የዛሬ ሃያ ዓመት የጻፍሽውን ታስታውሻለሽ?”

“ስሕተቶቹን አስታውሳለሁ።”

“እሱ ስሕተት አልነበረበትም” አሉ። “ብነግረው ይወስደዋል። አይቆጣም፣ ሩዋን አይቆጣም፤ ዝም ብሎ ይጠቀልልና ይወስደዋል። ከዚያ ከአሮጌው ቤት ግድግዳ ከዚህ ሌላ ምን ቀረኝ?”

“ባይነግሩትስ?”

“ባልነግረው እሱ ያልሳለውን ሥዕል በስሙ ሰው ፊት ሊሰቅል ነው።” እንባ አልነበረም። ድምፃቸው ብቻ ብርጭቆ ስንጥቅ ሲኖርበት እንደሚሰጠው ድምፅ ሆነ።

ሩዋን በተባለው ቀን ከቀትር በኋላ መጣ። ሸምግሏል፤ የኔ እኩያ ይመስለኝ ነበር፣ ጠጉሩ ግን ሁሉም ነጭ ነው። ቅርጫት ሙሉ ያንግሜይ፣ የዝናቡን ወቅት ቀይ ፍሬ፣ ይዟል። መንገድ ላይ ሲበላ ስለመጣ ጣቶቹ በፍሬው ጭማቂ ደም መስለዋል።

“እትዬ!” አለ በሩ ላይ። “አይጧ ደህና ናት?”

“እጅህን!” አሉ እትዬ ፓን። “በዚያ እጅህ ልትገባ ነው? ታጠብ!”

ጋሽ ጎንግ በሳቅ ፈረሱ። ሚስታቸው ሰው ስለተቆጡ ደስ ብሏቸዋል። ሩዋን ታጥቦ፣ እስከ ክንዱ አድርቆ፣ እንደ ተማሪ እጁን ገልብጦ አሳያቸው። ከዚያ ወደ መኝታ ክፍሉ ገባን። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ እኔ በሩ ላይ ቀረሁ።

“አስደርበውታል?” አለ ገና ሲያየው።

“ዝናቡን ፈርቼ።”

ሌላ አልጠየቀም። ከላይ ጀመረ። አንገቱን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ቀስ እያለ፣ ከጡብ ወደ ጡብ ወረደ። አንድ ቦታ ፈገግ አለ፤ “የእናንተ መስኮት” አለ። ጋሽ ጎንግ ተጠግተው “የቱ? የቱ?” አሉና እሱ በጣቱ ሳይነካ አሳያቸው። ዓይኑ መውረዱን ቀጠለ። እኔ ዓይኑን እንጂ ሥዕሉን አላይም ነበር። ከተራራው እግር በላይ ሲደርስ ቆመ።

ቆመ። ሩዋን ጎንበስ አለ። ቀጥሎ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ከአልጋው ጋር ተጋጨ።

“የጥንቶቹ ሠዓሊዎች ተራራ ሲስሉ መሐሉን ነጭ ይተዉት ነበር” አለ። ለማን እንደሚናገር አላውቅም። “ዓይን የሚያርፍበት ጉም። እኔ ከዚያ ሰፈር በኋላ በአንዱም ሥዕሌ ጉም ትቼ አላውቅም። ሰው ቤቱ ሲፈርስበት ዓይኑ የት ያርፋል ብዬ። ተማሪዎቼ ይጠይቁኛል፣ ይሄንኑ ነው የምነግራቸው።”

እንደገና ተጠጋ። ጉሙን ከግራ ወደ ቀኝ አየው፣ ተመልሶም ከቀኝ ወደ ግራ። ፊቱ ላይ ቁጣ ፈልጌ አላገኘሁም። ያየሁት ፍርሃት ነበር፤ የራሱን እጅ የሚጠራጠር ሰው ፍርሃት። ወደ እኔ እንዳይዞር ጸለይኩ። ወደ እሳቸው ነው የዞረው።

“እትዬ” አለ፣ “ይሄን ጉም እኔ ነኝ የሳልኩት?”

እትዬ ፓን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ተነሡ። ፋብሪካ ውስጥ ብርጭቆ ወደ መብራት እንደሚያነሡ ሁሉ አገጫቸውን ቀና አድርገው አዩት።

“ይሄን ጥያቄ አልመልስልህም፣ ሩዋን” አሉ። “አልዋሽህም፤ እውነቱን ብነግርህ ደግሞ ትወስድብኛለህ።”